ሳተላይታችንን ያወጣው ሮኬት በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ፦ አዳማ ላይ ሠርቶ የማስወንጨፍ ዝርዝር መመሪያ

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ማለዳ ላይ የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ 1 ከቻይናው ታይዩዋን ማስወንጨፊያ ተነሥታ ወደ ጠፈር ወጣች። ስለ እሷ ብዙ ተወርቷል። ተሸክሟት ስለሄደው ሮኬት ግን ሲወራ ብዙም አልሰማሁም። ሎንግ ማርች 4ቢ ይባላል። ቁመቱ 45.8 ሜትር ነው፤ የታችኛው ገላው ስፋት ደግሞ 3.35 ሜትር። በዚያ ቀን ዋናው ጭነቱ የቻይናና የብራዚል የጋራ ሳተላይት ነበር፤ የኛዋ አብራ ተሳፈረች።

እዚህ አዳማ ከሰፈር ልጆች ጋር ሮኬት መሥራት ስንጀምር የመረጥነው ይህንኑ ነው። ማንኛውንም ፕላስቲክ ጠርሙስ ማስወንጨፍ ይቻላል። የእውነተኛውን ሮኬት ልክ ጠብቃችሁ ስትሠሩ ግን ሥራው ሌላ ይሆናል። ፎቶውን ደጋግማችሁ ታያላችሁ። ይህ መስመር ለምን እዚህ ሆነ፣ ይህ ክፍል ለምን ቀጠነ እያላችሁ ትጠይቃላችሁ። ልጆቹም ሮኬት የሚማሩት እዚያ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሞተር ልናገር። ውጭ አገር በኪት የሚሸጡት ሞዴል ሮኬቶች የካርቶን ቱቦ፣ የቀላል እንጨት ክንፍና የፕላስቲክ አፍንጫ ይዘው ይመጣሉ። የሚያስነሣቸው በባሩድ የተሞላ፣ አንዴ ተቃጥሎ የሚጣል ትንሽ ሞተር ነው። ኃይሉ በፊደል ይለያል። ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያለ አንድ ፊደል ባለፈ ቁጥር ጣሪያው እጥፍ ይሆናል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ኪቱን ሊያመጣላችሁ ይችላል። ሞተሩን ግን አታስይዙት። ፈንጂ ነክ ዕቃ ስለሆነ መንገደኛ በሻንጣው ይዞ አውሮፕላን ላይ መውጣት አይፈቀድለትም። ቤት ውስጥ ባሩድ ቀላቅሎ መሞከር ደግሞ እጅ ያሳጣል። ማንም ቢያሳያችሁ እንዳትነኩት።

እኛ የምንጠቀመው ውሃና አየር ነው። ጠርሙሱን ሲሶ ውሃ ትሞላላችሁ። ቀሪው ቦታ ላይ በብስክሌት መንፊያ አየር ትጨምቃላችሁ። አየሩ እንደ ታመቀ ሞላ ነው። ሲለቀቅ ውሃውን በአፉ ወደ ታች ይገፋዋል፤ ውሃውም ሮኬቱን ወደ ላይ። ለ1.5 ሊትር ጠርሙስ ግማሽ ሊትር ውሃ ይበቃል። ውሃ ሲበዛ ይከብደዋል፣ ሲያንስ ደግሞ አየሩ የሚገፋው ነገር ያጣል።

ጠርሙሱ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። የሚያስፈልጋችሁ ጋዝ ያለው መጠጥ የተሸጠበት ጠርሙስ ነው፤ የለስላሳ ወይም ጋዝ ያለው ውሃ። እሱ ግፊት እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ነው። ጋዝ የሌለው ውሃ የሚሸጥበት ስስ ፕላስቲክ ግን ለዚህ አልተሠራም። መልካቸው ስለሚመሳሰል ሰው ይሳሳታል። እኔም ተሳስቻለሁ። አንድ ቅዳሜ ግቢ ውስጥ በስሱ ጠርሙስ ስሞክር ገና ጥቂት ጊዜ እንደነፋሁ ተኩስ የመሰለ ድምፅ አሰምቶ ፈነዳ። ጎረቤት በሙሉ ወጣ። ቁራጩ ክንዴን ቧጠጠው። አጠገቤ ልጅ ቢኖር ኖሮ ብዬ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ሁለት መለያ አለ። የጋዝ ጠርሙስ ታቹ አምስት እግር አለው፤ ጎኑም ለስላሳና ክብ ነው። የውሃው ጠርሙስ ጎኑ ቀለበት ቀለበት ይበዛበታል፣ ስትጨብጡትም እጃችሁ ውስጥ ይሟሽሻል። ቆራሌው ዘንድ ሄዳችሁ አራት ተመሳሳይ የ1.5 ሊትር ጠርሙስ ምረጡ። የተጫረ፣ የታጠፈ ወይም ነጭ መስመር ያወጣ አትውሰዱ። አንዱ ብቻ ነው ግፊት የሚሸከመው። ሌሎቹ ተቆርጠው ገላ ይሆናሉ።

ያንን አንዱን ጠርሙስ እንደ እንቁላል ያዙት። ሱፐር ግሉ አይንካው፣ ያደርቀውና ይሰነጥቀዋል። የሚቀልጥ ሙጫ በሽጉጥ አታፍስሱበት፣ ሙቀቱ ያጣምመዋል። ስፕሬይ ቀለም አትርጩበት። በአዳማ ፀሐይ መኪና ውስጥም አትተዉት። የሚጣበቅበት ነገር ካለ ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ወይም ሲሊከን ይጠቀሙ።

ልኩን ማውጣት

ክር ወስዳችሁ የጠርሙሱን ወገብ ዙሩበት፣ ከዚያ ክሩን ማስመሪያ ላይ ዘርጉት። የኛ 28.3 ሴንቲ ሜትር መጣ። ለ3.14 ሲካፈል ስፋቱ 9 ሴንቲ ሜትር ነው። እውነተኛው 335 ሴንቲ ሜትር ነው። 335 ለ9 ሲካፈል 37 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ሞዴላችን 1 ለ37 ነው ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የሮኬቱን ማንኛውንም ልክ ለ37 ማካፈል ብቻ ነው። ቁመቱ 4,580 ለ37፣ 124 ሴንቲ ሜትር ገደማ። የላይኛው ሦስተኛ ክፍል 2.9 ሜትር ስፋት አለው፤ በኛ 7.8 ሴንቲ ሜትር።

ቁጥር ያላገኛችሁለትን ነገር ከፎቶ ለኩ። በትክክል ከጎን የተነሣ ፎቶ ፈልጉ። ከታች ወደ ላይ የተነሣው አይሆንም፣ ላዩን ያሳጥረዋል። አትሙትና በማስመሪያ ለኩ። ለምሳሌ የገላው ስፋት ወረቀቱ ላይ 12 ሚሊ ሜትር ሆኖ የአፍንጫው ሽፋን 30 ሚሊ ሜትር ቢረዝም፣ ሽፋኑ የስፋቱ ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። የናንተ ስፋት 9 ስለሆነ ሽፋኑን 22.5 ሴንቲ ሜትር ታደርጉታላችሁ። ይህን ሥራ ለልጆች ስጧቸው። የሰባተኛ ክፍል ሬሾ ክፍል ውስጥ ያስጠላቸው ልጆች እዚህ ላይ ሲጣሉበት አይቻለሁ፤ አንዷ ለሁለት ሚሊ ሜትር ብላ ሥራ አስቁማናለች።

ገላው

የግፊቱ ጠርሙስ አፉ ወደ ታች ነው። አፉ የሮኬቱ ማስወጫ ነው። ከሁለተኛው ጠርሙስ ቀጥ ያለውን መሀል ብቻ ቆርጣችሁ እንደ ቀሚስ ከታች አልብሱት። ቀሚሱ የጠርሙሱን ትከሻ ይሸፍናል፤ ክንፎቹም እሱ ላይ ይጣበቃሉ። ስለዚህ ዋናው ጠርሙስ ሙጫ አይነካውም። ግን ቀሚሱን እስከ አፉ ድረስ አታውርዱት። ማስወንጨፊያው አንገቱን መያዝ ስላለበት አንገቱ ሙሉ በሙሉ ውጭ ይሁን። እውነተኛው ላይ እዚያ ቦታ የሞተሮቹ አፍ ነው። ከልክ እንወጣለን፣ ግን ይበራል።

ከላይ ደግሞ የሌሎቹን ጠርሙሶች መሀል እየቆረጣችሁ ደርድሩ፤ በሰፊ ግልጽ ስኮች ያያይዟቸው። ቀጭኑ ሦስተኛ ክፍል ከወፍራም ነጭ ወረቀት ይጠቀለላል። ውሃ ስለሚረጨው ወረቀቱን ከላይ በስኮች ሸፍኑት። ጠቅላላውን በነጭ ወረቀት ካለበሳችሁት ቀለም አያስፈልግም። ባንዲራውንና የቻይንኛውን ጽሑፍ ከፎቶው አይታችሁ፣ ለ37 አካፍላችሁ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት በቀለም አሳትሙ። ገላውን ስትጨርሱ ጠረጴዛ ላይ አንከባሉት። ከተንገዳገደ መጋጠሚያው ጠማማ ነው፤ ፈታችሁ ድገሙት። ሲጨርሱ ባዶው ከ250 ግራም እንዳይበልጥ ሞክሩ። ሱቅ ያለው ሚዛን ይበቃል።

ክንፍ

ትልቁ ሮኬት ሞተሮቹን እያዘነበለ አቅጣጫውን ይጠብቃል። የኛ ያ የለውም። ስለዚህ ልኩ ከሚፈቅደው በጣም የሚበልጥ ክንፍ ያስፈልገዋል። መልኩን እንዳያበላሽ ክንፉን ከሚያሳይ ፕላስቲክ ሥሩ። ፎቶ ኮፒ ቤት መጽሐፍ የሚጠርዙበት ግልጽ ሽፋን ሁለት ሁለቱን በባለ ሁለት ፊት ፕላስተር አጣብቃችሁ አራት ክንፍ ቁረጡ። ሥሩ 14፣ ወደ ውጭ የሚወጣው 9 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ከአምስት ሜትር ርቀት አይታይም። ዛሬ ሠርታችሁ ግድግዳ ላይ ብታቆሙት ልኩን የጠበቀ ሮኬት ነው የሚመስለው።

አራቱ እኩል መራራቅ አለባቸው። ክር ዙሩና አራት ላይ እጠፉት፤ ምልክቱ ያው ነው። አንዱ ክንፍ ትንሽ ካዘነበለ ሮኬቱ እየተሽከረከረ ይወጣል።

አፍንጫና ፓራሹት

እውነተኛው ሮኬት አየሩን ጥሶ ካለፈ በኋላ የአፍንጫ ሽፋኑን ይጥለዋል። እኛም ሽፋኑ ከገላው የሚለይበትን መስመር ለፓራሹት እንጠቀምበታለን። ሽፋኑ ገላው ላይ ሳይጠብቅ ይቀመጣል። ሮኬቱ የከፍታው ጫፍ ላይ ደርሶ ሲዘነብል ሽፋኑ ወድቆ ፓራሹቱን ይስባል። አፍንጫውን ከወረቀት ጠቅልሉ። ጫፉን ግን ሹል አታድርጉት። የሰው ራስ ላይ ቢወርድ እንዳይጎዳ ስፖንጅ ወይም ግማሽ የቴኒስ ኳስ ከላይ ይሁን።

ፓራሹቱ ከትልቅ ፌስታል ይቆረጣል። ባለ ስምንት ማዕዘን፣ ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር፤ በየማዕዘኑ 60 ሴንቲ ሜትር ክር። ክሩ የሚታሰርበትን ማዕዘን ቀድማችሁ በፕላስተር አጠናክሩ፣ አለበለዚያ ፌስታሉ ይቀደዳል። ሌላ ቦታ የተጻፈ መመሪያ 50 ይበቃል ሊላችሁ ይችላል። አዳማ ግን ከባህር ጠለል ከ1,600 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ከባህር ዳርቻው 15 በመቶ ገደማ ይሳሳል፤ ፓራሹቱ የሚይዘውም ያንሳል። ፌስታሉን ስታጥፉ ጥቂት የሕፃን ፓውደር ነስንሱበት፣ እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ።

ፓራሹት አስቸጋሪ ነው። ጠብቆ ይቀራል፣ ወይም ገና ሲነሣ ይወጣል። አፍንጫውን ጨብጣችሁ ሮኬቱን ስታነሡት ሽፋኑ በቀላሉ እጃችሁ ላይ መቅረት አለበት። ነፋስ ነክቶት ግን መውደቅ የለበትም። ልኩን የምታገኙት ደጋግማችሁ በመሞከር ነው።

ሚዛን

ሮኬት ቀጥ ብሎ እንዲሄድ የክብደቱ መሀል ከአየር ግፊቱ መሀል ቀድሞ፣ ወደ አፍንጫው መሆን አለበት። የክብደቱን መሀል ባዶውን ሮኬት፣ ፓራሹቱ ውስጡ ሆኖ፣ ማስመሪያ ጫፍ ላይ አመጣጥናችሁ ታገኙታላችሁ። ውሃው በቅጽበት ስለሚወጣ አይቆጠርም። ለአየሩ ደግሞ የሮኬቱን የጎን ቅርጽ በአምስተኛ ልክ ካርቶን ላይ ሥላችሁ ቁረጡ። ክንፎቹ ባይታዩም ይቆረጣሉ! ካርቶኑ የሚመጣጠንበትን ቦታ ከጫፉ ለክታችሁ በአምስት አባዙት፤ የሮኬቱ የአየር ግፊት መሀል እዚያ ገደማ ነው። በሁለቱ መካከል ቢያንስ የአንድ ገላ ስፋት፣ ማለትም 9 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ይኑር። ከጎደለ አፍንጫው ውስጥ ጥቂት ጥቂት ፕላስቲሲን (ልጆች ቅርጽ የሚሠሩበት ሊጥ መሰል ነገር) ጨምሩ።

ከዚያ አፍንጫውን በፕላስተር አሥራችሁ፣ የክብደቱ መሀል ላይ ሦስት ሜትር ሲባጎ አሥራችሁ ሜዳ ላይ በራሳችሁ ዙሪያ አሽከርክሩት። አፍንጫው ቀድሞ ከሄደ ደኅና ነው። ወደ ኋላው ከዞረ ወይም ከተገለባበጠ አታስወንጭፉት።

ማስወንጨፊያው

የጠርሙሱ አፍ የውስጥ ስፋት 22 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቱቦ ስትገዙ በቁጥር አትግዙ። የጠርሙስ አንገት ቆርጣችሁ ይዛችሁ ሂዱና ሱቁ ላይ ሞክሩት። በቀላሉ የሚገባ፣ ግን ብዙ የማይላወስ የግማሽ ኢንች የውሃ ቱቦ ይሁን። 20 ሴንቲ ሜትር ያህሉ ጠርሙሱ ውስጥ ይገባል። አፉ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) አልብሱትና ከላይና ከታች ፕላስተር በመጠቅለል ጎድጓዳ ሥሩለት። ቫዝሊን ቀቡት። ከታች ቱቦው በክርን ቅርጽ መጋጠሚያ ታጥፎ በክዳን ይዘጋል። ክዳኑ ተበስቶ ከጎሚስታ የተገዛ ቫልቭ ይገባበታል። ጠቅላላው ሰፊ ጣውላ ላይ ይታሰርና ጣውላው በፌሮ ችካል መሬት ይያዛል።

አሁን መቆለፊያው። አሥር ያህል ኬብል ታይ (የፕላስቲክ የሽቦ ማሰሪያ) በቱቦው ዙሪያ ደርድሩ። ራሶቻቸው ወደ ላይ ሆነው የጠርሙሱ አንገት ላይ ያለውን ቀለበት ልክ ይዘው ይቁሙ። ከታች በብረት ማሰሪያ ጥብቅ አድርጉ። ላያቸው ላይ የሚንሸራተት ሰፋ ያለ ቱቦ አልብሱ። ቱቦው ወደ ላይ ሲወጣ ራሶቹን አንገቱ ላይ ይጨምቃቸዋል፤ ሮኬቱ ተያዘ። በገመድ ወደ ታች ስትስቡት ራሶቹ ይከፈታሉ፤ ሮኬቱ ይሄዳል። ገመዱ 15 ሜትር ይሁን። መንፊያውም በረጅም ቱቦ ይቀጠል፤ ማንም ሰው ጠርሙሱ ሥር ቆሞ አይንፋ። ግፊት የሚያሳይ ሰዓት ያለው መንፊያ ግድ ነው። በግምት አይሠራም።

ከመጀመሪያው በረራ በፊት ጠርሙሱን እስከ አፉ ውሃ ሞልታችሁ፣ ገላው ሳይለብስ፣ ማስወንጨፊያው ላይ ቆልፉትና እስከ 6 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ንፉ። ውሃ እንደ አየር ስለማይታመቅ ቢፈነዳም ጭርር ብሎ ይፈሳል እንጂ አይወረወርም። ይህን ያለፈ ጠርሙስ በ4 ባር ይበራል። ከ4 በላይ አትሂዱ።

ሜዳና ነፋስ

አዳማ ነፋስ አይጠፋም፤ 51 እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩት ሁለቱ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች እዚህ የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። እኛም እንጠቀምባቸዋለን። ከቤት ሳትወጡ ኮረብታው ላይ ያሉትን ተርባይኖች ተመልከቱ። ፊታቸውን የሚያዞሩት ነፋሱ ወደሚመጣበት ነው። ቆመው ከሆነ ወይም ቀስ ብለው የሚዞሩ ከሆነ ዕቃችሁን ጫኑ። በደንብ እየተሽከረከሩ ከሆነ ለሌላ ቀን ይቆይ። ባለ ክንፍ ሮኬት ሲነሣ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ ያዞራል። ሲወርድ ደግሞ ነፋሱ ይወስደዋል። 40 ሜትር ወጥቶ በሴኮንድ 5 ሜትር ቢወርድ ስምንት ሴኮንድ አየር ላይ ነው። ነፋሱም በሴኮንድ 5 ሜትር ከሆነ 40 ሜትር ርቆ ያርፋል። ለዚያ የሚሆን ሜዳ ይኑራችሁ። እኛ የምንወጣው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ነው።

ቦታው ከተማው ዳር ጤፉ ተነሥቶ ያለቀ ማሳ ቢሆን ደስ ይላል። ወደ ወንጂ መንገድ ሸንኮራ አጠገብ ግን አትሞክሩ፣ ሸንኮራ ውስጥ የገባ ሮኬት አይገኝም። ባለ ማሳውን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ኦሮምኛ የሚችል ልጅ ይዛችሁ ሂዱ። «ጋሼ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ያህል ማሳዎ ላይ ብንሆን ይፈቅዱልናል?» ማለት ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜ እሳቸውም ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። ለቀበሌውም ምን እንደምትሠሩ ንገሩ። የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የጋሪ መንገድና ከብት በሌለበት ይሁን።

ማስወንጨፍ

ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ሮኬቱን አፉን ወደ ላይ አድርጎ ይይዝና ግማሽ ሊትር ውሃ ይጨምራል። ሌላው ማስወንጨፊያውን ከላይ አስገብቶ ይቆልፋል። ከዚያ ሁለቱንም አንድ ላይ ገልብጣችሁ አቁሙ፣ ጣውላውን ቸክሉ። ፓራሹቱንና አፍንጫውን የምታስገቡት ሮኬቱ ከቆመ በኋላ ነው። ሁሉም 15 ሜትር ይራቅ። የሚነፋው ሰው የዓይን መከላከያ ያድርግ። 4 ባር ሲደርስ ሰማዩን፣ መንገዱን፣ ልጆቹን እዩ፤ ከአምስት ወደ ታች ጮክ ብላችሁ ቁጠሩና ገመዱን ሳቡ።

ገመዱ ተስቦ ካልተነሣ አትቅረቡ። በመንፊያው በኩል ያለውን መተንፈሻ ከፍታችሁ አየሩ እስኪወጣ ጠብቁ። ለዚህ ብላችሁ መተንፈሻ ያለው መንፊያ ግዙ።

ምን ያህል እንደወጣ ለማወቅ አንድ ልጅ 50 ሜትር ርቆ ይቁም። ፕሮትራክተር ላይ ክርና ቡሎን ታስሮ ይሰጠው። ሮኬቱ ጫፍ ሲደርስ አንግሉን ያነባል። 45 ዲግሪ ከሆነ ቁመቱ ራሱ 50 ሜትር ነው። 35 ዲግሪ ከሆነ 50 በ0.7 ተባዝቶ 35 ሜትር። የልጁን የዓይን ከፍታ መደመር አትርሱ።

ሲያርፍ ሮጣችሁ ስትደርሱ ወዲያው አታራግፉት። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሡና ውስጡን እዩ። አየሩ በቅጽበት ሲለጠጥ ይቀዘቅዛል፣ ውስጡ የነበረው እንፋሎትም ጉም ይሆናል። ነጭ፣ ቀጭን ጉም ለጥቂት ጊዜ ይዟዟራል። መጀመሪያ ያየችው ትንሿ ልጃችን «ጋሼ፣ ደመና ይዞ መጣ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ወዲህ የሚደርሰው ሁሉ በተራ ይመለከታል። ያን ሲጨርሱ ጠርሙሱ ላይ ነጭ መስመር ወይም ጭረት እንዳለ ፈልጉ። ካለ ይጣል። ባይኖርም እኔ ከአሥር በረራ በኋላ እቀይረዋለሁ።